ጤፍ ውስጥ የገባችው ቺፕ

እናቴ እንዳይሰበርባት የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ ጤፍ ውስጥ ትቀብራለች። እንቁላሉ ጤፍ ውስጥ ነው፤ የእንግዳ ብርጭቆው ጤፍ ውስጥ ነው፤ አባቴ ከፍኖተ ሰላም ገዝቶ ያመጣላት የፋኖስ መስተዋትም ዓመቱን ሙሉ ጤፍ ውስጥ ይኖር ነበር። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የማውቀውን ባስታውስ ኖሮ ያን ጊዜ ቦርሳዬን ቆልፌ በተቀመጥኩ። ተምሮ የመጣ ሰው ግን የቤቱን ዐመል ቶሎ ይረሳል።

ዘመኑ የገጠር ቀበሌ ሁሉ በልማት ስብሰባ የሚውልበት፣ ሞባይል ከየቤቱ የገባበት፣ ኔትወርኩ ግን ኮረብታ ካልወጡለት የማይገኝበት ነው። መንደራችን ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ፣ ስንቄን ከቤት እያመላለስኩ ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ደግሞ ለዶክትሬት አውሮፓ ሄድኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁጡ ነበርኩ፤ ቁጣዬንም እንደ ዕውቀት እቆጥረው ነበር።

የማጠናው ነገር ስሙ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ አይከብድም። አየሩ በማይክሮዌቭ ሞገድ የተሞላ ነው፤ የስልክ ማማው፣ ሳተላይቱ፣ ራዳሩ ሁሉ ይረጨዋል። ምንነቱ ያልታወቀ ሞገድ ሲመጣ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው የተለመደው መሣሪያ ግዙፍ ነው። እኛ ደግሞ ሞገዱን ብርሃን ላይ እናሳፍርና ብርሃኑን ከጥፍር በማትበልጥ ቺፕ ውስጥ እናሳልፈዋለን። ቺፗ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ የብርሃን መንገዶች አሉ፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ ቀለበት የመሰለ መዞሪያ። ብርሃኑ በቀለበቱ በኩል አልፎ ሲወጣ ምን ያህል እንደደከመ እናያለን፤ ከድካሙ ተነሥተን የመጣው ሞገድ የትኛው እንደሆነ እንለያለን። አንድ ችግር ብቻ አለባት። ሙቀት አይስማማትም። ጥቂት ከሞቀች ቀለበቱ ጠባዩን ይለውጥና የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ አልሠራ አለችኝ። በአራተኛው ዓመት፣ አንድ እሁድ፣ ሠራች። ከላቦራቶሪ ወጥቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። ምን እንደምሠራ ባታውቅም እሷና አባቴ በየእሁዱ “ያቺ ነገር ደረሰችልህ?” እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። “ደረሰች፣ እምዬ” አልኳት። “ተመስገን” አለችና ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” እያልኩ ቆየሁ። ስለ አባቴ ስጠይቃት ማኅበር እንደሄደ ነገረችኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሦስት የአገሬ ልጆች የማድርበትን ቤት አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሆኖ የሚመጣ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው ደግሞ የያዘው ጉዳይ እስኪያልፍለት ይደበቃል፤ ከዚያ ሰው ተልኮ፣ ማልዶ ይረዳል። ልማዱን አውቀዋለሁ። በእኔ ሲደርስ ግን ልማድ መሆኑ አላጽናናኝም። አባትህ ማኅበር ሄዷል፣ አባትህ ተኝቷል፣ አባትህ በሬ ሊገዛ ደምበጫ ወርዷል ሲሉኝ አራት ወር ሙሉ አምኛለሁ። ሥራዬ ከሩቅ የመጣን ሞገድ መለየት ነው፤ የእናቴን ድምፅ ግን መለየት አልቻልኩም። በራሴ አፈርኩ። ማፈሬን ወደ ቁጣ ለውጬ ለእሷ አስቀመጥኩላት።

ለመንፈቁ ተዝካር ጥር ላይ አገር ቤት ገባሁ። ቺፗን ይዣት ነበር የመጣሁት። ከተዝካሩ በኋላ ወደ ሌላ አገር ላቦራቶሪ ወስጄ በተሻለ መሣሪያ እንድትለካ ማድረግ ነበረብኝ፤ ውጤቱ ካልመጣ መመረቅ የለም። ከእሷ በፊት የተሠራችውን በፖስታ ልከናት ስብርብሯ ወጥቶ ስለደረሰች ፕሮፌሰሬ “በእጅህ ይዘህ ሂድ” ብሎኛል። ከግራና ከቀኝዋ ብርሃን የሚያስገቡና የሚያስወጡ ሁለት የመስተዋት ክሮች ተጣብቀውባታል። የሲጋራ ፓኮ በምታህል ሣጥን ውስጥ፣ ስፖንጅ ተደርጎላት ነበር የተቀመጠችው።

እናቴን ስሜያት፣ አልቅሰን፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እህልና ውሃ ከማለት በቀር አላናገርኳትም። ስትቀርበኝ እነሣለሁ። ስትጠይቀኝ በአጭሩ እመልሳለሁ። እሷም ጥፋቷን እንደሚያውቅ ሰው በሩቁ ትከተለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ኮረብታው ላይ ወጥቼ ከፕሮፌሰሬ ጋር ካወራሁ በኋላ ለአንድ ወዳጄ ደውዬ ስለ ቺፗ አነሣሁለት። ሙቀት ጠላቷ ነው፣ የዚህ አገር የጥር ፀሐይ ያሳስበኛል አልኩት። እናቴ ከኋላዬ ማገዶ እየለቀመች ነበር። የሰማች አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኪዳን አስደርሰን ስንመለስ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሣጥኗ የለችም። ልብሴን አንድ በአንድ አራገፍኩ። አልጋ ሥር ገባሁ። በመጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናቴን ጠራኋት።

እሷ ምንም አልደነገጠች። “ከጤፉ ውስጥ ናት። ቆርቆሮው ሲግል ቤቱ እሳት ይሆናል፤ ሙቀት አይሆናትም ስትል ሰምቼ ትላንት አስገባኋት። ጤፍ ቀዝቃዛ ነው” አለችኝ። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። አንድ ነገር አድርጋልኝ እንድታረቃት ስታደባ የቆየች ይመስላል።

ተያይዘን ወደ ጓዳ ገባን። ሦስት ጆንያ ጤፍ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። የእኅቴ ባል ሞላ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን መጥቶ ሦስቱንም ለተዝካሩ እንጀራ ሊያስፈጭ በአህያ ጭኖ ወደ ቡሬ ሄዷል። እንዲሄድ ያዘዘችው ራሷ ናት፤ የሚሄደው ግን በማግስቱ መስሏት ነበር። የሞላ ስልክ ደግሞ እኅቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። እሷም ነጠላዋን አነሣች። “የት?” አልኳት። ሦስቱ ጆንያ አንድ መልክ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አፉን በቀይ ክር የሰፋሁት ነው አለችኝ። በዚህ ጊዜ ነው ሁለት ወር ሙሉ የያዝኩት ከአፌ የወጣው።

“አባዬን ደበቅሽኝ፤ አሁን ደግሞ ይችን ደበቅሽኝ። ምን ቀረሽ?”

በሩን ገፋ አድርጋ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

እንግዲህ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ስድሳ ዓመት ያለፋትን እናቴን ጥያት ሄድኩ። ጤፉ የታጨደበትን ማሳ አቋርጬ፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርጄ፣ ስለ አራት ዓመት ልፋቴ ብቻ እያሰብኩ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይኖራል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ሞላ ቀድሞ ደርሶ ከሆነስ ስል ደግሞ ሩጫዬን እጨምራለሁ። እንደዚያ እያልኩ ከወንዙ ደረስኩ። በጥር ውሃው ጎድሎ በድንጋይ ላይ እየተረማመዱ ነው የሚሻገሩት። ተሻግሬ ዘወር ስል እናቴ ከማዶ መጥታለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንዱን ድንጋይ በእግሯ እየነካካች፣ ለመርገጥ ፈርታ ቆማለች። ጥቁር ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ራሷ ይታያል። ሽበት ብቻ ሆኗል። ስሄድ እንደዚያ አልነበረም።

ተመለስኩና እጇን ያዝኳት። ስናቋርጥ “ልጄ፣ ጥለኸኝ ሂድ። ቀይ ክር ነው፤ አታጣውም” አለችኝ። አብረን እንሄዳለን አልኳት። እዚያ ዳር ላይ ትንፋሿ እስኪመለስ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መቀመጥ የማይገባኝ ሰዓት ነበር።

“በየእሁዱ እንዴት ቻልሽው?” አልኳት።

“አልቻልኩትም” አለች። ጫማዋን እያጠለቀች፣ እኔን ሳታይ ነው የምታወራው። “ኮረብታው ሥር ስደርስ ጥቁሬን አወልቅና ድንጋይ ላይ አኖረዋለሁ። ጥቁር ለብሼ ሳዋራህ ድምፄ የሚያሳብቅብኝ ይመስለኛል። ነጭ ለብሼ አዋራሃለሁ። ስትዘጋው ጥቁሬን ለብሼ እወርዳለሁ። አራት ወር እንዲህ ነው ያደረግሁ።”

“ለምን ግን? ልጁ አይደለሁም?”

“አባትህ ነዋ። ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ‘ያቺ ነገር እስክትደርስለት አደራ’ አለኝ። ምን እንደሆነች አያውቃት። እኔም አላውቃት። ከሞተ ወዲያ ግን በየዕለቱ ስለሷ ነበር የምጸልይ። ቶሎ በደረሰችና ልጄም ለአባቱ ባለቀሰ እያልኩ።” ከዚያ፣ “ደረሰች ስትለኝ ደስም አለኝ፣ አንጀቴም ተላወሰ። ‘ሃሎ፣ ሃሎ’ ስትል አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር” አለች።

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣልኝም። ብቻ ክንዷን በክንዴ አስገብቼ የቀረውን መንገድ እንደ ሙሽራ ይዣት ሄድኩ። አልሮጥንም። መሮጥ አትችልም፤ እኔም ትቻት መሄድ አልቻልኩም።

ቡሬ የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በበርበሬ ጆንያና በባጃጅ ተጨናንቋል። እናቴ በሰው መካከል ስታልፍ ላወቋት ሁሉ ሰላምታ መመለስ አለባት፤ የሟች ሚስት ናትና ዝም ብሎ የሚያልፋት የለም። “እንዴት ሰነበቱ፣ እግዜር ያጽናዎ” ይሏታል፤ እሷ ታመሰግናለች፤ እኔ በእግሬ መሬት እጭራለሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሞላ ባዶ ጆንያ እያጠፈ አገኘነው።

ባዶው ጆንያ አፉ ላይ የተበጠሰ ቀይ ክር ተንጠልጥሎበታል።

ሞላ ነገሩን ሲሰማ ጆንያው ከእጁ ወደቀ። ሁለቱ ጆንያ ተራ እየጠበቁ ነው፤ የመጀመሪያው ግን ከተፈጨ ቆይቷል። ገፍቼው ገባሁ። ባለወፍጮው ከጢሙ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የተነሰነሰበት ሽማግሌ ነው። በሞተሩ ጩኸት መሐል እጄን እያወራጨሁ ለማስረዳት ስሞክር ቀስ ብሎ አየኝና ከኪሱ ሣጥኗን አወጣ።

“ይችን ነው የምትል?” አለኝ ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብሎ። “ከላይ እህል የሚፈስበትን አፍ አንቃ አቆመችብኝ። ድንጋይ መስላኝ በብረት ጎርጉሬ አወጣኋት። ስከፍታት ዱቄት ገብቶባት ኖሯል፤ አይዞህ፣ በጋቢዬ ጫፍ አድርጌ ጥርግርግ አድርጌልሃለሁ።”

ከፈትኳት። በእርግጥም ጠርጓታል። አንደኛው የመስተዋት ክር የለም። ከሥሩ ተነቅሎ፣ የቺፗንም ጠርዝ ሸርፎ ሄዷል፤ ሽማግሌው ጭራ መስሎት ከዱቄቱ ጋር ጠርጎ ጥሎታል። ክሩን ብቻ ቢሆን መልሰን እናጣብቀዋለን። ጠርዟ ከተሸረፈ ግን ብርሃን አይገባባትም። ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገኝም።

ሽማግሌው ምስጋና ይጠብቃል። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። እናቴ ከሙቀት ልታድናት ጤፍ ውስጥ ከተተቻት፤ ሞላ ለአባቴ ተዝካር ብሎ ጫናት፤ ይህ ሰው ደግሞ በጋቢው ጠረጋት። የምቆጣው ሰው ፈለግሁና አጣሁ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

“ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ እምዬ” አልኳት። ፈገግ ብዬ ነው የነገርኳት። አባቴ በሕይወት ሳለ ያደርግ እንደነበረው ትከሻዋን መታ መታ አደረግኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። “ይህ የደህና ድምፅ አይደለም” አለች።

ሣጥኗን ኪሴ ከተትኳት።

“እኔ የደበቅሁህ ይበቃል፣ ልጄ። አንተ ደግሞ አትደብቀኝ።”

“ተሰብራለች።”

ወዮ ትላለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሁለት እጄን ያዘች፤ ከዚያ ለሞት የሚባለውን ቃል ለቺፗ አለችልኝ። “እግዜር ያጽናህ።”

እሱን ስሰማ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ ተናደ። መርዶ ያመጡልኝ ቀን በሰው አገር፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ትራስ ነክሼ ነበር ያለቀስኩት። ቡሬ ወፍጮ ቤት በር ላይ ግን እንደ ሕፃን ጮህኩ። የጮህኩትም “አባዬ” ብዬ ነው። እናቴም ስድስት ወር ሙሉ ለእኔ ብላ የዋጠችውን ይዛ አንገቴ ላይ ወደቀች።

የአገራችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን እንደሆነ አልጠየቁም። መርዶ ደርሶናል ብለው ቁናቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኛን ከበው ማልቀስ ጀመሩ። ሽማግሌው ሞተሩን አጠፋ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል የእኛ ልቅሶ ብቻ ቀረ። እኔ አንድም የማላውቃቸው ሰዎች ለአባቴ አለቀሱለት።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት የእናቴን ጀርባ እያሻሸች ማን እንደሞተ ጠየቀቻት።

“ባለቤቴ፤ የዚህ አባት” አለች እናቴ።

“ውይ እናቴን። መቼ?”

“ሐምሌ ላይ።”

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ እኔን አየችኝ። “ታዲያ ልጁ ዛሬ ነው የተረዳ?”

“ዛሬ ነው” አለች እናቴ።

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ የአባቴን ስም ጠየቀችና በስሙ እየጠራች አለቀሰችለት። ሽማግሌውም የቀሩትን ሁለት ጆንያዎች ከወረፋው አስቀድሞ ፈጨልን።

ተዝካሩ በወጉ ተፈጸመ። እኔ ለፕሮፌሰሬ ቺፗ እንዴት እንደተሰበረች እውነቱን ጻፍኩለት። ጤፍ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ብቻ ግማሽ ገጽ ወሰደብኝ። ቁጣ ስጠብቅ በሁለት መስመር “አባትህን በማጣትህ አዝናለሁ። ሌላ እንሠራለን” ብሎ መለሰልኝ። ሌላዋን መሥራት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ወሰደብን። የትምህርት ጊዜዬ አልፎ ስለነበር ለኑሮዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ቆየሁ። ሁለተኛይቱ ከመጀመሪያዋ የተሻለች ነበረች ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኩያዋ ናት። ተመረቅሁ፤ ተመልሼም አሁን እዚሁ አገር አስተምራለሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ልማዳችንን ልነቅፍ አይደለም የጻፍኩት። መርዶን የሚደብቁን ስለሚወዱን ነው፤ ሲደብቁንም ሐዘኑን ብቻቸውን ይሸከሙታል። እኔ የተደበቀብኝን ብቻ ስቆጥር እናቴ የተሸከመችውን አላየሁም ነበር። ሩቅ ያላችሁ፣ ወደ ቤት ስትደውሉ ቶሎ አትዝጉ። ከወዲያ በኩል ዝምታ ሲመጣ በኔትወርኩ አታሳብቡ፤ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ቤት ያላችሁም እባካችሁ ልጆቻችሁን እመኗቸው፤ ይችሉታል። ባይችሉትም አብራችሁ ናችሁ።

ያን ቀን ከቡሬ ስንመለስ ከእናቴ ጋር ተስማምተን ነበር፤ ክፉም ሆነ ደግ በዕለቱ እንነጋገራለን ብለን። እንደምትጠብቀው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ባለፈው ግንቦት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ስልኬ ጠራ። እናቴ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ወጥቼ አነሣሁት።

“ልጄ፣ አጎትህ ዛሬ ጠዋት አረፈ” አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ልታስተካክለውም አልሞከረችም። “ቀብሩ ነገ ነው።”

ተማሪዎቼን አሰናብቼ በዚያው ተሳፈርኩ። በማግስቱ ከእናቴ ጎን ቆሜ አፈር መለስኩ።